የሰው ፍልሰትን በ7ኛና በ8ኛ ክፍል በየትኛው መንገድ እናስተምር? ለከተማ ዳር መምህራን የቀረበ ንጽጽር

የፍልሰት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ብዙዎቻችን መምህራን የምንይዘው መንገድ አንድ ነው። ሰሌዳውን ለሁለት እንከፍላለን። በግራ «ገፊ ምክንያቶች»፣ በቀኝ «ሳቢ ምክንያቶች» ብለን እንዘረዝራለን። ተማሪው ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድዳል፣ ምዕራፉም ይዘጋል። እንዲህ የተማረ ልጅ ድርቅ ገፊ፣ ሥራ ሳቢ መሆኑን አሳምሮ ይነግራችኋል። አባቱ ለምን ከጉራጌ ተነስቶ መርካቶ እንደገባ፣ ቤተሰቡስ ከመርካቶ ለምን ቱሉ ዲምቱ እንደደረሰ ብትጠይቁት ግን ከትምህርቱ ጋር አያገናኘውም። ያ ለእሱ የቤት ወሬ ነው፤ ይሄ ደግሞ ሶሻል ነው።

የማስተምረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱና በገላን በኩል ነው። እዚህ አንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡትን ልጆች አስቧቸው። ለወላጆቻቸው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷቸው ከመሀል ከተማ የመጡ አሉ። ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ በልማት ተነሺነት የመጡ አሉ። ለትምህርት ብለው ከክፍለ ሀገር አክስታቸው ቤት የተላኩ አሉ። ግጭት ከቀዬአቸው ያፈናቀላቸው አሉ። ብሎኮቹ ከመቆማቸው በፊት እዚሁ ጤፍና ስንዴ ያርሱ የነበሩ የኦሮሞ ገበሬዎች ልጆችም አሉ። እነሱ የትም አልሄዱም፤ ከተማው ነው እነሱ ዘንድ የመጣው።

እንዲህ ያለ ክፍል ይዘን ትምህርቱን ከሜዲትራኒያን ባሕር ወይም ከአሜሪካ መጀመር የለብንም። ትምህርቱ ዴስኩ ላይ ተቀምጧል። ጥንቃቄ የሚፈልገውም እዚሁ ላይ ነው። አንዳንዱ ልጅ የመጣበትን መንገድ 60 ልጅ ፊት መናገር አይፈልግም። መገደድም የለበትም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ያወዳደርኩት በሁለት ጥያቄ ነው። ትምህርቱ ከልጁ ሕይወት ምን ያህል ይነሳል? ልጁንስ ከመጋለጥ ምን ያህል ይጠብቀዋል? ወጪና ጊዜ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ከመጽሐፉ መጀመር

በወጪ ይህን መንገድ የሚስተካከለው የለም። ጠመኔና መጽሐፍ ይበቃል። በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ዋና ዋናዎቹ ስያሜዎች ያልቃሉ፦ የውስጥ ፍልሰት፣ ዓለም አቀፍ ፍልሰት፣ በፈቃድ፣ በግዳጅ። የማንም ልጅ የግል ጉዳይ አይነሳም። ክፍሉ በጣም ብዙ ከሆነ፣ ፈረቃውም ካጠረ፣ አንዳንድ ቀን ሌላ አማራጭ የለም።

ችግሩ የገፊና ሳቢ ንድፈ ሐሳቡ ላይ አይደለም። ችግሩ ግማሹን ቆርጠን ማስተማራችን ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሕዝብ ምሁር ኤቨረት ሊ ይህን አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲያቀርብ በሁለት ዓምድ አላቆመም። አራት ነገር ነው የዘረዘረው፦ በመነሻው ያለው ሁኔታ፣ በመድረሻው ያለው ሁኔታ፣ በመካከል የሚያጋጥም እንቅፋት፣ እና የሰውየው የራሱ ሁኔታ። እኛ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እንተዋቸዋለን። ልጆቹ የሚጠይቁት ግን ስለ እነሱ ነው። «ቲቸር፣ ድርቁ ለሁሉም እኩል ከሆነ አንዱ ሄዶ አንዱ ለምን ቀረ?» ይሉናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንዱ የመንገድ ገንዘብ አለው፣ ሌላው የለውም። አንዱ አዲስ አበባ የሚቀበለው ወንድም አለው። ሌላዋ ጥላት የማትሄደው የታመመች እናት አለቻት።

በእኔ እይታ ንድፈ ሐሳቡ መዘለል የለበትም፤ መጀመሪያ ግን አይምጣ። ልጆቹ መረጃ በእጃቸው ከያዙ በኋላ ሲመጣ ሥራ ይሠራል።

ስም የሌለው መጠይቅ

ለከተማ ዳር ክፍል ከሁሉም አስቀድሜ የምመርጠው ይህን ነው። ግማሽ ወረቀት ይበቃል። ስም አይጻፍበትም። ልጁ ቤቱ ወስዶ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ይሞላዋል፣ አጥፎ ያመጣዋል፣ ካርቶን ውስጥ ይከተዋል። ጥያቄዎቹ አጭር ናቸው። አንተ ወይም አንቺ የት ተወለዳችሁ? እናት የት ተወለደች? አባትስ? ቤተሰቡ እዚህ ሰፈር ከመምጣቱ በፊት የት ይኖር ነበር? ዋናው ምክንያት ምን ነበር? ለመጨረሻው ጥያቄ ምርጫ ስጧቸው፦ ሥራ፣ ትምህርት፣ ጋብቻ፣ ዘመድ መከተል፣ የቤት ዕጣ፣ የልማት ተነሺነት፣ ግጭት ወይም ድርቅ፣ ሌላ። ከታች «መናገር አልፈልግም» የሚል ሳጥን ይጨመር። ይህን ሳጥን እንዳትረሱት። መጠይቁን አስተማማኝ የሚያደርገው እሱ ነው።

ብሔርና ሃይማኖት አትጠይቁ። ለምዕራፉ አያስፈልግም፣ ክፍሉን ግን ይከፋፍላል። የትውልድ ቦታ እንኳ አንዳንዴ ልጅን ያጋልጣል። ከአንድ አካባቢ የመጣ አንድ ልጅ ብቻ ካለ የወረዳውን ስም ሰሌዳ ላይ አትጻፉት። ከአጎራባች ቦታዎች ጋር ደምራችሁ «ከሰሜን» ወይም «ከምዕራብ» በሉት። ወረቀቶቹንም ልጆች አይቁጠሩ። የጓደኛቸውን የእጅ ጽሑፍ ያውቁታል። መምህሩ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይቁጠር። ድካም አለው፣ ግን መደረግ ያለበት ነው።

ሌላው መታሰብ ያለበት የወላጅ ጥርጣሬ ነው። «ይሄን ወረዳ ነው የላከው? ቤቱን ሊወስዱብን ነው?» የሚል ይኖራል። በተለይ በቅርብ ከቦታው የተነሳ ቤተሰብ ቅጽ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሁለት መስመር ማብራሪያ ከርዕሰ መምህሩ ማኅተም ጋር ከላይ ይኑር። መረጃው ከክፍል እንደማይወጣ ይግለጽ፣ ያልፈለገ መተው እንደሚችልም ይናገር።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክፍለ ጊዜ በጣም ደስ ይላል። ድምሩን ፍሊፕ ቻርት ላይ ትለጥፋላችሁ። ልጆቹ መቶኛ ያወጣሉ፣ ባር ግራፍ ይሠራሉ። ከዚያ ከሀገር አቀፍ መረጃ ጋር ያወዳድሩታል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,739,551 ነበር። ከዚህ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው ከከተማዋ ውጭ የተወለደ ነው። «የእኛ ክፍል ወላጆች ከዚህ ይበልጣሉ ወይስ ያንሳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞ በዚያው ቆጠራ ሴቶቹ 1,434,164፣ ወንዶቹ 1,305,387 ነበሩ። ለ100 ሴት 91 ወንድ ማለት ነው። ለምን? መልሱን ሳትናገሩ ጠብቁ። አንዷ እጇን አውጥታ ስለ ቤት ሠራተኞች ማውራት ትጀምራለች። ሌላው ስለ ልብስ ፋብሪካ ያነሳል። ቁጥሩ የቆየ መሆኑንም ንገሯቸው። አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ተራዝሟል። ያለ ቆጠራ ትምህርት ቤት የት እንደሚሠራ ማቀድ ምን ያህል እንደሚከብድ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ልጅ ማስረዳት አያዳግትም።

የራቨንስታይን ነገር እዚህ ላይ ይገባል። ይህ ሰው የእንግሊዝን የሕዝብ ቆጠራ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1885 የፍልሰት ሕጎች ብሎ ያወጣቸው ነጥቦች ዛሬም ይሠራሉ። አብዛኛው ሰው የሚሄደው ቅርብ ነው። ሩቅ የሚሄደውም ብዙ ጊዜ በደረጃ ነው። እያንዳንዱ የሰው ፍሰት የመልስ ፍሰት አለው። ልጆቹ የራሳቸውን ድምር ሲያዩ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ራሳቸው ይደርሱባቸዋል፦ ከመንደር ወደ ወረዳ ከተማ፣ ከዚያ መሀል አዲስ አበባ፣ ከዚያ ከተማ ዳር። መጽሐፉ ለፈተና ሲል የሚያስሸመድደውን ነገር እነሱ ከሰፈራቸው አወጡት ማለት ነው።

በዚህ ክፍለ ጊዜ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ ተዘጋጁበት። አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ እኛ ከካዛንቺስ ወደዚህ መምጣታችን ፍልሰት ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። በቆጠራ አሠራር አንድ ከተማ ውስጥ ቤት መቀየር ፍልሰተኛ አያሰኝም። የአስተዳደር ወሰን መሻገር ይጠይቃል። እሷ ግን ትምህርት ቤት ቀይራለች፣ ጓደኞቿን ትታለች፣ እናቷ የለመደችውን ደንበኛ አጥታለች። መልሱን ወዲያው አልሰጠኋትም፤ ወሰን፣ ርቀት፣ ጊዜ፣ የኑሮ ለውጥ የሚሉ መለኪያዎችን ለክፍሉ ዘርዝሬ የቱ እንደሚሻል እንዲከራከሩ አደረግኩ። ከዚህ የተሻለ የትርጉም ትምህርት አላውቅም።

ካርታ

ካርታ ብቻውን አማራጭ ነው ብዬ አላስብም። ከመጠይቁ ጋር ግን በጣም ይሄዳል። የቆዩ የግድግዳ ካሌንደሮች ተጣብቀው ጀርባቸው ትልቅ ወረቀት ይሆናል። የሹራብ ክርና ሙጫ ይጨመራል። ከየአቅጣጫው የመጣው ቤተሰብ ብዛት በክር ውፍረት ይታያል፤ አምስት ቤተሰብ ከሆነ አምስት ክር። መስመሮቹ ወደ አንድ ነጥብ ሲሰበሰቡ ልጆቹ ዝም ብለው ነው የሚያዩት።

ምን ዓይነት ካርታ የሚለው ግን ሊታሰብበት ይገባል። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካርታ ብዙ ጊዜ ዘጠኝ ክልል ያለው የድሮው ነው። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ክልል ሆነዋል። አሁን ክልሎቹ 12 ናቸው። የድሮውን ስትሰቅሉ አንዱ ልጅ «እኛ ክልል የለንበትም» ይላችኋል። አዲሱን ስትሰቅሉ ደግሞ ክርክሩ ወሰን ላይ ይሄዳል፣ ፍልሰቱ ይረሳል። ስለዚህ የሀገሪቱን ዙሪያ፣ አባይንና አዋሽን፣ ዋና ዋና መንገዶችንና ከተሞችን ብቻ በእጅ የሣልንበት ካርታ ይሻላል። የሚሄድ ሰው የሚከተለውም መንገዱን ነው። ከደሴ፣ ከጅማ፣ ከሆሳዕና፣ ከነቀምት የሚመጡት አውራ ጎዳናዎች እንዴት አዲስ አበባ ላይ እንደሚገናኙ ካዩ፣ ከተማዋ ለምን ሰው እንደምትስብ ግማሹን ተረድተዋል።

የቤተሰብ ቃለ መጠይቅ

ከመጠይቁ ጋር ስናወዳድረው ቃለ መጠይቅ በጥልቀት ይበልጣል፣ በደህንነት ያንሳል። አያቱን የጠየቀ ልጅ የሚያመጣው ታሪክ ምንም መጽሐፍ ውስጥ የለም። ስለ 1977ቱ ረሃብና ስለዚያን ጊዜው ሰፈራ መምህሩ ከሚናገረው ይልቅ ያለፈበት ሰው የነገረው ይቀራል። ደርግ በዚያ ወቅት 600,000 ገደማ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ መተከል፣ ጋምቤላና ከፋ አስፍሯል። በፈቃድና በግዳጅ መካከል ያለው መስመር ምን ያህል እንደሚደበዝዝ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ የራሳችን ምሳሌ አይገኝም። ምዝገባው በፈቃድ ነው ተባለ፤ ብዙው ሰው ግን ያለ ውዴታው ነው የሄደው።

ሆኖም «ሁላችሁም ቤተሰባችሁን ጠይቃችሁ አንብቡ» የሚል የቤት ሥራ ለከተማ ዳር ክፍል አልመክርም። ወላጅ የሌለው ልጅ አለ። የአባቱን መሄድ ማንም የማያወራበት ቤት አለ። ከግጭት ሸሽታ የመጣች እናት በልጇ የቤት ሥራ ምክንያት ያን ቀን እንድታስታውስ ማድረግ ከባድ ነው። መፍትሔው የሚጠየቀውን ሰው ልጁ እንዲመርጥ መተው ነው። የብሎኩ ጥበቃ፣ የሱቁ ባለቤት፣ ጎረቤት ያሉ እትዬ፣ የባጃጁ ሹፌር፣ ሁሉም ይሆናል። የሰው ስም አይጻፍም። ጥያቄዎቹም «ለምን መጣህ?» ከሚል አይጀምሩ። «መጀመሪያ ማን ቤት አረፉ? ሥራ ማን አገናኘዎት? አሁን ወደዚያ ለማን ገንዘብ ይልካሉ?» የሚሉት ይሻላሉ። እንዲህ ስትጠይቁ ሰንሰለቱ ይወጣል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ከዶርዜና ከጨንቻ አንዱ አንዱን እየሳበ እንዴት አንድ ሰፈር እንደሞሉ ልጆቹ የሚረዱት ያኔ ነው።

ሦስት ወይም አራት ፈቃደኞች ቢያነቡ ይበቃል። የሌላው ጽሑፍ በመምህሩ ብቻ ይታይ።

የሳተላይት ምስል፣ የትም ላልሄዱት ልጆች

መጠይቁም ቃለ መጠይቁም የመጣውን ሰው ያያሉ። የነበረው ልጅ ግን በሁሉም ጥያቄ «እዚሁ» ብሎ ሞልቶ ይወጣል። ስለ እሱ ምንም የማይል የፍልሰት ትምህርት በእኛ አካባቢ ጎዶሎ ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ጉግል ኧርዝ የቀድሞ ዓመታትን ምስል ያሳያል። የሰፈራችሁን የ20 ዓመት በፊትና የአሁን ምስል ጎን ለጎን አትሙ። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ይታያል። የእርሻ ቁራጮቹ፣ የወንዙ ዳርቻ ዛፎች፣ ከዚያ የብሎኮቹ ሰልፍ፣ ከዚያ በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ።

ይህን ስታሳዩ የአካባቢው ልጅ ባለሙያ ይሆናል። የቱ ሜዳ ከብት ይጠጣበት እንደነበር፣ የሰፈሩ ስም ከምን እንደመጣ እሱ ነው የሚያውቀው። የመሬት ጉዳይ ስስ ስለሆነ ውይይቱ ወደ ካሳ ክርክር ቢያመራ አታፍኑት፤ ፍርድም አትስጡበት። «ሰው በብዛት ሲመጣ የተቀባዩ ቦታ ምን ይሆናል? ውሃ፣ መሬት፣ ሥራ፣ ቋንቋ?» ወደሚለው መልሱት። ወጪው ሁለት ገጽ ኅትመት ነው። ለጥቅሙ በጣም ርካሽ ነው።

የውሳኔ ካርዶች

ክፍሉ ብዙ ለሆነበት መምህር ከመጠይቁ ቀጥሎ የምመክረው ይህን ነው። ለየቡድኑ አንድ የልብ ወለድ ቤተሰብ ካርድ ይሰጣል። አንዱ በወሎ ግማሽ ሄክታር መሬት ያለው ቤተሰብ ነው፤ ትልቋ ልጅ ቤይሩት ያለች ጓደኛ አላት። ሌላው ጨንቻ ያለ ሸማኔ ነው፤ አጎቱ ሽሮ ሜዳ ይኖራል። ሦስተኛው ሆሳዕና ያለ ወጣት ነው፤ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው። አራተኛው መሀል ከተማ የቀበሌ ቤት ያለው ሆኖ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም የደረሰው ቤተሰብ ነው። ካርዱ ላይ ያላቸው ገንዘብ፣ የቤተሰቡ አባላት ዕድሜ፣ የሚያውቁት ሰው ይጻፋል።

በመጀመሪያው ዙር ቡድኑ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ምን እንደሚፈልግ ይነጋገራል። እናትና ልጅ ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ይሄ ራሱ ትምህርት ነው። በሁለተኛው ዙር መምህሩ ያልተጠበቀ ነገር የተጻፈበት ካርድ ያወጣል፦ ደላላው ተጨማሪ ብር ጠየቀ፣ አባት ታመመ፣ ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ሆነ፣ ወንድም መልእክት መመለስ አቆመ። በሦስተኛው ዙር ይወስናሉ፣ ምክንያታቸውንም በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ጨዋታው ሲያልቅ የሊን አራት ነጥቦች ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ልጆቹ ካርዶቻቸውን ከየነጥቡ ሥር ሲያስቀምጡ ንድፈ ሐሳቡ ያለ ሽምደዳ ይገባል።

ሁለት ደንብ አጥብቃችሁ ያዙ። አንደኛ፣ በረሃና ጀልባ አይተወንም። ድብደባ፣ እስራት፣ መስጠም የሚያስመስል ጨዋታ ክፍል ውስጥ መግባት የለበትም፤ ወንድሟ በዚያ መንገድ የቀረባት ልጅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ መቅረት እንደ ሽንፈት አይቆጠር። እሱም ውሳኔ ነው። ልጆች ሰው ሁሉ የሚሄድ ይመስላቸዋል። በተባበሩት መንግሥታት ግምት እ.ኤ.አ. በ2024 ከተወለደበት ሀገር ውጭ የሚኖረው ሰው 304 ሚሊዮን ነበር፤ ከዓለም ሕዝብ 3.7 በመቶ ነው። 60 ልጅ ባለበት ክፍል ሁለት ልጅ አስነሱና «ድንበር የተሻገሩት እነዚህ ናቸው» በሉ። የቀሩት 58 ተቀምጠው ሲያዩ ግምታቸው ይስተካከላል።

ተመላሽ እንግዳ መጋበዝ

ብዙ ትምህርት ቤቶች ከዓረብ ሀገር ወይም ከሊቢያ መንገድ የተመለሰ ሰው ጋብዘው ያናግራሉ። ልጆቹ ይመሰጣሉ፣ ያለቅሳሉም። እኔ ግን በዚህ መንገድ ብዙ አልተማመንም። እንግዳው ስቃዩን ደጋግሞ እንዲናገር ይጠበቅበታል፤ ለእሱ ቀላል አይደለም። ልጁም ከአዳራሹ ወጥቶ ሰፈሩ ሲገባ በዓረብ ሀገር ገንዘብ የተሠራ ቤት ያያል። ማስፈራራት ብቻ ያየውን አይሽርለትም። የሚያምነን ሁለቱንም ስንነግረው ነው።

እንግዳ ካስፈለገ ሁለት ሰው ይጋበዝ፤ የተሳካላትና ያልተሳካላት። ጥያቄዎቹ አስቀድመው ተጽፈው ይታዩ። ይህ ካልሆነ የተጻፈ ታሪክና ቁጥር ይሻላል። ለምሳሌ በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች። የራቨንስታይንን የመልስ ፍሰት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። ሕጉም ይነሳ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር፤ በኋላ ተሻሽሏል። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ሲሰማ ቀና ይላል፤ ስለ እሱ ነውና። ሕጋዊው መንገድ ምን እንደሚጠይቅ፣ ዕድሜ፣ ውል፣ ስልጠና፣ ማወቅ መብቱ ነው።

ከሰው ልጅ መነሻ መጀመር

አንዳንድ መምህር ምዕራፉን ከጥንቱ የሰው ልጅ ጉዞ መጀመር ይመርጣል። ኩራት ይሰጣል፣ ማንንም አያጋልጥም፣ ሁላችንም የሄዱ ሰዎች ልጆች መሆናችንን ያሳያል። በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪት እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ዕድሜው ቢያንስ 230,000 ዓመት ገደማ ተብሏል። በአፋር የኸርቶው 160,000 ዓመት ገደማ ነው። ልጆች ሉሲን ከዚህ ጋር ይቀላቅሏታል። የሉሲ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው፣ ዝርያዋም ሌላ ነው፤ አስቀድማችሁ ለዩላቸው።

ብሔራዊ ሙዚየም መሄድ ጥሩ ነው፤ ግን ከከተማ ዳር አምስት ኪሎ ድረስ ለ60 ልጅ አውቶቡስ መከራየት የወላጅን ኪስ ይጎዳል። ጉዞው ካልተቻለ አንድ የካርታ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ትኩረታችሁን በቀይ ባሕር ደቡብ ጫፍ ባለው ባብ ኤል መንደብ ላይ አድርጉ። ወሽመጡ ዛሬ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። በበረዶ ዘመን ባሕሩ ዝቅ ሲል የበለጠ ይጠብ ነበር። ከአፍሪካ የወጡት ሰዎች ሄደውባቸዋል ተብለው ከሚገመቱት መንገዶች አንዱ ይህ ነው፤ ሌላው በሲና በኩል ነው። ዛሬ ደግሞ ወጣቶቻችን ከጅቡቲዋ ኦቦክ ወደ የመን የሚሻገሩት በዚያው ባሕር አካባቢ ነው። ይህን ሲያዩ ልጆቹ ራሳቸው ጥያቄ ያዘንባሉ። ለእኔ ግን ይህ መክፈቻ ሳይሆን መሀል ላይ፣ ክፍሉ ከራሱ መረጃ ወደ ዓለም ሲወጣ የሚመጣ ነው።

ጊዜ ሲያጥር

ለምዕራፉ ሦስት ክፍለ ጊዜ ብቻ ካላችሁ መጠይቅ፣ የውሳኔ ካርድ፣ ከዚያ መጽሐፉ። ስድስት ካላችሁ ካርታውንና የሳተላይቱን ምስል ጨምሩ፤ ቃለ መጠይቁ በጎን የቤት ሥራ ሆኖ ይሂድ። ሰፈሩን በእግር መዞር የሚያምር ሐሳብ ቢሆንም ሲኖትራክ በሚመላለስበት መንገድ ዳር ብዙ ልጅ ይዞ መውጣትን አልመክርም። ክፍሉ ተከፍሎ ረዳት መምህር ካለ ብቻ ይሞከር።

የማታ ክፍል ግን ሌላ ነው። እዚያ የሚቀመጡት ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። ፍልሰትን በሕይወታቸው ከመምህሩ በላይ ያውቁታል። ለእነሱ መጠይቁን በቃል ማድረግ ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ማውራት ይፈልጋሉ። ካርዶቹን ግን በሥራ ውል፣ በደመወዝና በሕጋዊ የጉዞ ሂደት ተኩት። የሚጠቅማቸው እሱ ነው።

ፈተናውም መቀየር አለበት። ሁለት ሳምንት በመረጃ የሠራን ልጅ «አምስት ገፊ ምክንያቶችን ጥቀስ» ብሎ መጠየቅ ልፋቱን ያባክናል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይሻላል፦ «የ19 ዓመት ወጣት ሴት ከአንድ የወሎ መንደር ወደ ደሴ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ቱሉ ዲምቱ መጣች። ታናሽ ወንድሟ መንደሩ ቀረ። ጉዞውን በካርታ አሳይ። ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ምክንያትና አንድ እንቅፋት ጻፍ። ወንድሟ ለምን የቀረ ይመስልሃል?» ከ10 ነጥብ ለካርታው 2፣ ለምክንያቶቹ 3፣ ለእንቅፋቶቹ 3፣ ለወንድሙ 2 ስጡ። ለወንድሙ አንድ ትክክለኛ መልስ የለም፤ ከሊ አራት ነጥቦች በአንዱ አስደግፎ ከጻፈ ሙሉ ነጥብ ያግኝ።